የትምህርት ቤት ቲያትር ክፍል በባሕር ዳር፦ የቴክኖሎጂ አጠቃቀምና የክፍል ደንብ

በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ ባሉ ትምህርት ቤቶች የቲያትር ትምህርት በሁለት መልክ ይሰጣል። አንደኛው በመደበኛው ክፍለ ጊዜ፣ በአማርኛ ቋንቋ ወይም በክወናና እይታ ጥበባት ትምህርት ውስጥ የሚሰጠው ነው፤ ሁለተኛው ከትምህርት ሰዓት ውጭ በሥነ ጽሑፍና ድራማ ክበብ እንዲሁም በሚኒ ሚዲያ በኩል የሚካሄደው ነው። ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ አንድ መምህር፣ አንድ ሞንታርቦና አንድ አዳራሽ ስለሚጋሩ በዚህ ዳሰሳ አብረው ይታያሉ። ቴክኖሎጂ ሲባልም የመብራት መቆጣጠሪያ ያለው የሙያ መድረክ ማለት አይደለም፤ እንደዚያ ያለው በከተማዋ በሙሉዓለም የባህል ማዕከል ይፈለግ ይሆናል እንጂ በትምህርት ቤት ደረጃ የለም። በተግባር ያለው የእጅ ስልክ፣ ፍላሽ፣ ማይክ፣ ድምፅ ማጉያና አልፎ አልፎ ፕሮጀክተር ነው።

አመጣጥ

የዘመናዊው የኢትዮጵያ ቲያትር ጅማሬ የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» እንደሆነ ይታወቃል፤ መድረክ ላይ የዋለበትን ዘመን ብዙዎች 1913 ዓ.ም. ሲያደርጉት ጥቂቶች ቀደም ያደርጉታል። ቲያትርን ከትምህርት ቤት ጋር ያቆራኙት ግን የጎጃሙ ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው። እርግጥ በዚያው ዘመን መላኩ በጎሰውም በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ተማሪዎችን ለመድረክ ያበቁ ስለነበር ቀዳሚነቱን ለአንዱ ብቻ መስጠት ያከራክራል። ዮፍታሔ ደብረ ኤልያስ ተወልደው፣ በቅኔ ትምህርት ጎልምሰው፣ አዲስ አበባ በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት እያስተማሩ፣ ከጣሊያን ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት ተውኔትና መዝሙር ይደርሱ፣ ተማሪዎቻቸውንም ያሠለጥኑ ነበር። ያደጉበት የቅኔ ቤት ሥርዓት ለቲያትር ክፍል እንግዳ አይደለም። ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ በቃሉ ይዞ በመምህሩ ፊት ይነግራል፤ መምህሩም እዚያው ያርሙታል፤ ጓደኞቹም ይሰማሉ። ዛሬ «ቃለ ተውኔትህን አጥንተህ ና» የሚባለው ደንብ በዚህ አገር ከመድረክ በፊት በጎጆ ቤት የታወቀ ነበር።

በደርግ ዘመን የኪነት ቡድኖች በየቀበሌውና በየትምህርት ቤቱ ነበሩ፤ የጎጃሙ ግሽ ዓባይ ኪነትም ስሙ እስከ ዛሬ በክብር ይነሣል።

ለከተማዋ የመምህራን ሥልጠና ባለውለታ የሆነው በ1965 ዓ.ም. የተከፈተው የመምህራን ኮሌጅ ነው። ይህ ኮሌጅ በ1955 ዓ.ም. ከተቋቋመው ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ጋር በ1992 ዓ.ም. ተዋሕዶ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ባሕር ዳር የእጅ ሙያንና የማስተማር ሙያን ጎን ለጎን ያሳደገች ከተማ መሆኗ በትምህርት ቤቶቿ መድረክ ላይም ይታያል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1990ዎቹ የፀረ ኤድስ ክበባት ሲስፋፉ የትምህርት ቤት ድራማ ከመቼውም በላይ በዛ። ብዛቱ መልካም ነበር፤ ይሁን እንጂ ገጸ ባሕርያቱ ተሳስተው፣ ታመው፣ በመጨረሻ አንዱ ወደ ተመልካች ዞሮ ምክር የሚሰጥበት አንድ ዓይነት ቅርጽ ሥር ሰደደ። ዛሬም ተማሪዎች ድራማ ጻፉ ሲባሉ ይህንኑ ቅርጽ ሲያመጡ ይታያል።

ፕላዝማ እና ያስተማረው

በትምህርት ቴክኖሎጂ ረገድ ከሁሉ ይበልጥ የተጻፈበት ዘመን የፕላዝማው ነው። ከ1997 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት በፕላዝማ ቴሌቪዥን እንዲሰጥ ተደርጓል፤ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነበር፣ የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ደቂቃ የሚወስደውም ስርጭቱ ነበር። የክፍሉ መምህር በመጀመሪያ ጥቂት ደቂቃ ያስተዋውቃል፣ በመጨረሻም ጥቂት ደቂቃ ያጠቃልላል፤ በመካከሉ የሚናገረው ማሳያው ነው። ስርጭቱ ቀጥታ ስለነበረ አቁሞ መጠየቅ፣ መልሶ ማየት አይቻልም ነበር፤ መብራት ከጠፋም የዕለቱ ትምህርት አብሮ ይጠፋል። ደጋፊዎቹ በገጠርና በከተማ ያሉ ተማሪዎች አንድ ዓይነት ትምህርት ማግኘታቸውን ያነሣሉ፤ ተቺዎቹ መምህሩ የተመልካች ያህል መሆኑን ይናገራሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው።

ቲያትር በፕላዝማ አልተሰጠም። ዘመኑ ለቲያትር ክፍል የተወው ነገር ግን አለ፤ በማሳያ ፊት ዝም ብሎ መቀመጥ «ሥርዓት ያለው ተማሪ» መገለጫ ሆኖ ቆየ። መነሣትን፣ መናገርን፣ ከጓደኛ ዓይን ለዓይን መተያየትን የሚጠይቅ ትምህርት ሲመጣ ይህን ልማድ መስበር የመጀመሪያው ሥራ ሆነ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ ተግባራዊ መሆን የጀመረው ሥርዓተ ትምህርት ክወናና እይታ ጥበባትን ለአንደኛና ለመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች ሲያቀርብ የገጠመው አንዱ እንቅፋት ይኸው ነው።

የእጅ ስልክ በልምምድ ክፍል

በአብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ተማሪ ስልክ ይዞ መግባቱ ክልክል ነው። ስለዚህ በቲያትር ክፍል የሚያገለግለው ስልክ የመምህሩ ወይም በፈቃድ የገባ የክበብ ስልክ ነው፤ ለአምስት ወይም ለስድስት ተማሪዎች አንድ ስልክ ከደረሰ ብዙ ነው። ይህ እጥረት ከጉዳቱ ጥቅሙ ያመዝናል። ስልኩ አንድ ሲሆን አንዱ ይቀርጻል፣ ሁለቱ ይተውናሉ፣ የቀሩት ይመለከታሉ፤ ሥራ ፈት የሚሆን የለም።

የተለመደው አሠራር አጭር ትዕይንትን ከሁለት ደቂቃ ባልበለጠ ቀርጾ ወዲያው ማየት ነው። ሁለት ልጃገረዶች እናትና ልጅ ሆነው ሲተውኑ፣ እናቲቱ ነጠላዋን በአፏ ላይ ጣል አድርጋ ብትናገር በክፍሉ ያለ ሰው ሁሉ የሚለውን ቀድሞ ስለሚያውቀው ሰማሁ ይላል፤ ቅጂው ሲከፈት ግን የሚሰማው እህህታ ብቻ ነው። ልጅ ሆና የምትጫወተው ደግሞ ንግግሯን ጨርሳ የጓደኛዋን ተራ ስትጠብቅ ፊቷ ባዶ መሆኑን ራሷ ታያለች። ይህን መምህር አሥር ጊዜ ቢነግራት ያን ያህል አይገባትም። ቅጂው የታየበት ትዕይንት ወዲያው ተደግሞ ካልተሠራ ግን ቀረጻው መዝናኛ ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ ጠንቃቃ መምህራን «ያየነውን እንሠራዋለን፣ የማንሠራውን አናይም» የሚል ደንብ ያወጣሉ።

ጽሑፍን በተመለከተ ደንቃራው የፊደል ነው። ቢሮ ውስጥ በቀድሞው የፓወር ግዕዝ ቅርጸ ፊደል የተተየበ ተውኔት ቅርጸ ፊደሉ በሌለበት ስልክ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ይሆናል። መፍትሔው ፋይሉን ወደ ፒዲኤፍ ለውጦ ማሠራጨት ወይም ከመነሻው በዩኒኮድ መተየብ ነው። ለማሠራጨትም ያለ ኢንተርኔት ፋይል ከስልክ ወደ ስልክ የሚያስተላልፉት ዜንደርና ብሉቱዝ ከቴሌግራም ይልቅ አስተማማኝ ሆነው ተገኝተዋል። በኮቪድ ምክንያት መጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ቴሌግራም የብዙ መምህራን መማሪያ ክፍል ሆኖ ነበር፤ ሆኖም በ2015 ዓ.ም. ክረምት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለበርካታ ወራት ሲቋረጥ በኢንተርኔት ላይ ብቻ የተደገፈው ሥራ ሁሉ ቆመ። በስልኩ ላይ ወርዶ የተቀመጠ ጽሑፍ፣ በፍላሽ የተያዘ ማጀቢያ ሙዚቃ ግን ሠርቷል።

ድምፅ፣ ነፋስና ቆርቆሮ

ሚኒ ሚዲያ በጠዋቱ የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ማስታወቂያ፣ ግጥምና አጭር ድራማ ያቀርባል። ማይኩ በአብዛኛው አንድ ስለሆነ ተዋንያኑ ይቀባበሉታል፤ በዚህም የተነሣ ትወናው ይሰባበራል፤ የተቆጣ አባት ቁጣውን ገትቶ ማይክ እስኪደርሰው ይጠብቃል፤ ልጁም ማይኩን አቀብሎት ተመልሶ ይፈራዋል። አንዳንዶች ይህን ለማምለጥ ድምፁን አስቀድመው ቀርጸው በሞንታርቦ እየለቀቁ አፋቸውን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ። ለሰልፍ ቦታ ይበቃ ይሆናል፤ ለቲያትር ትምህርት ግን የሚመከር አይደለም፤ ምክንያቱም ተማሪው የሚማረው ከቅጂው ጋር መራመድን እንጂ ጓደኛውን ሰምቶ መመለስን አይደለም። የተሻለው ዘዴ ማይኩን በመቆሚያ ላይ መድረኩ መካከል ተክሎ እንቅስቃሴውን በዙሪያው ማዋቀር ነው።

የጣና ጠባይም ይታሰባል። ሐይቁ ጠዋት ጸጥ ይላል፣ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣል፤ ታንኳ ቀዛፊዎች ጉዟቸውን በዚህ ይመጥናሉ። ለውኃው ቅርብ በሆነ ግቢ ከቀትር በኋላ የሚደረግ የውጭ ቀረጻ ነፋሱ የስልኩን ማይክ ስለሚሞላው ድምፁ አይለይም፤ ስለዚህ የውጭ ልምምድ በጠዋት ፈረቃ፣ የውስጡ ከሰዓት ቢሆን ይመረጣል። የዓመቱ ዋና ዝግጅት የሆነው የወላጆች ቀን ደግሞ ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ ሲጀምር ይውላል። በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ ሲወርድ ከሁለተኛው መደዳ በኋላ ያለ ማጉያ የሚሰማ የለም፤ ማጉያውም ከመብራት ጋር ሊሄድ ይችላል። ልምድ ያላቸው አዘጋጆች ለዚህ ሲሉ በእያንዳንዱ ገቢር ውስጥ ያለ ንግግር፣ በድርጊት ብቻ የሚያዝ ትዕይንት ያስገባሉ፤ ዝናቡ ሲበረታ ያን ያረዝሙታል።

የክፍል ደንብ

ደንቡ በመጀመሪያው ሳምንት ከተማሪዎች ጋር ተነጋግሮ በሰሌዳ ወረቀት ተጽፎ ይለጠፋል፤ በመምህሩ ብቻ የተጻፈ ደንብ ብዙ ጊዜ አይቆምም። ከክፍል ክፍል ቢለያይም የሚደጋገሙ ነጥቦች አሉ። በጓደኛ ስህተት አለመሳቅ ሁልጊዜ ይኖራል፤ በተለይ የገጠር አነጋገር ይዘው ከዘጌም ሆነ ከሌላው የሐይቁ ዳርቻ በመጡ ልጆች ላይ መሳቅ መድረኩን ከምርጥ ድምፆቹ ያጎድለዋል። ልምምድ ላይ በሰዓቱ መገኘት፣ የወሰዱትን ሚና ይዞ መዝለቅ፣ አልባሳትንና ቁሳቁስን መመለስም ይጠቀሳሉ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ፣ ተማሪው ብዙ ጊዜ ከ50 በላይ ስለሚሆን ሁሉም በአንድ ቀን መድረክ ላይ እንዲወጣ መጠበቅ ከንቱ ነው፤ ተመልካች የሆነው ቡድንም ያየውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፎ የሚያስረክብበት አሠራር ለተከታታይ ምዘና ይጠቅማል።

ስለ ቀረጻ ያለው ደንብ ግን ከሁሉም ይከብዳል። የልምምድ ቅጂ ከክፍል አይወጣም፤ በቲክቶክም ሆነ በቴሌግራም አይለቀቅም፤ ለወላጆች ቀን የሚቀረጸውም በወላጅ ፈቃድ ነው። ሲያለቅስ የተቀረጸ ልጅ ቅጂው በሰፈር ከዞረ ዳግመኛ በመድረክ ላይ አያለቅስም። ለማጀቢያ የሚመረጥ ሙዚቃም የባለመብት መሆኑን ተማሪዎች ሊያውቁ ይገባል፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። ክራርና ከበሮ የሚጫወት ተማሪ በክፍሉ ካለ ጥያቄው ራሱ ይቀላል።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት ተውኔት ማስጻፍም እየተለመደ ነው። የሚወጣው አማርኛ ብዙ ጊዜ ለዜና እንጂ ለአፍ አይመችም፤ የባሕር ዳር ልጅ ለጓደኛው «ስለ ጉዳዩ ላነጋግርህ እፈልጋለሁ» አይልም። አንዳንድ መምህራን ይህንኑ ጽሑፍ ለልምምድ ይጠቀሙበታል፤ ተማሪዎቹ እያንዳንዱን ንግግር እናታቸው ወይም የሰፈር ሰው እንደሚለው እያደረጉ በቃል ያርሙታል።

የንብረት ጉዳይ ሳይነሣ አይታለፍም። ማይኩ፣ ፕሮጀክተሩና ገመዱ ከንብረት ክፍል በሞዴል 22 (በዕቃ ማውጫ ቅጽ) ፈርመው ሲወስዷቸው ተጠያቂው ፈራሚው መምህር ነው፤ ቢበላሽ ከደመወዜ ይቆረጣል የሚል ስጋት ስላለ ዕቃው ብዙ ጊዜ ከነካርቶኑ ተቀምጦ ይኖራል። ክበቡ ራሱ መዝገብ ከፍቶ ከተማሪዎች መካከል ሁለት የዕቃ ኃላፊዎች የመረጠበት፣ ሲወጣና ሲመለስ በመምህሩ ፊት ተሞክሮ የሚፈረምበት ትምህርት ቤት ግን ዕቃውን ከጥቅምት እስከ ሰኔ ይሠራበታል።