አሮጌ መኪና ገዝተው ወደ ጅማ ከመነሳትዎ በፊት፦ የሚባለውና እውነታው

ብዙ የጅማ ሰው ያገለገለ መኪና የሚገዛው አዲስ አበባ ሄዶ ነው። ስለዚህ ጠባዩን ገና ያላወቀውን መኪና 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ይነዳዋል። ያውም የጊቤን ቁልቁለት ወርዶ። ገንዘብ ለወንበር ሽፋንና ለቀለም ከመውጣቱ በፊት እነዚህን አባባሎች እንፈትሽ።

«ቁልቁለት ላይ ፎሌ ማድረግ ነዳጅ ይቆጥባል»

ፎሌ ማለት ማርሹን አውጥቶ መልቀቅ ነው። ይህ አባባል ሰው ይገድላል። ኢንጀክሽን ያለው (ነዳጁን ኮምፒውተር የሚመጥንለት) መኪና በማርሽ ሲወርድ፣ ነዳጅ ካልረገጡ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ይዘጋዋል። ፎሌ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ መጠጣቱን ይቀጥላል። የባሰው ደግሞ መኪናውን የሚይዘው ፍሬኑ ብቻ መሆኑ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ አይፈላም፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን 140 ገደማ ላይ ሊፈላ ይችላል። ያኔ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ ካላወቁ ሳይነሱ ያስቀይሩ። ከዚያ በኋላ በየ2 ዓመቱ። ቁልቁለቱን በከባድ (ዝቅተኛ) ማርሽ ይውረዱ።

«ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ደህና ነው»

ጎማ ቆሞም ያረጃል። የደረቀ ጎማ ደግሞ በጅማ ዝናብ መንገድ አይቆነጥጥም። ጎኑ ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ 4 ቁጥሮች አሉ። 2316 ካለ በ2016 23ኛ ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። አደራ፣ አቆጣጠሩ የፈረንጅ ነው! በእኛ 2008 ነው። 10 ዓመት የሞላውን ይጣሉት።

«ራዲያተር ውሃ ካለው ይበቃዋል»

ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ድስት ውስጥ ውሃ 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ራዲያተሩ ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው ግፊት የሚይዘው ክዳኑ ነው። የክዳኑ ላስቲክ ከተሰነጠቀ ይቀይሩት፤ ከቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ጥገና ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ምንም አይደለም። ውሃ ብቻ ደግሞ ውስጡን ያዝጋል፣ ኩላንት ያስፈልገዋል። ሞተሩ ሳይበርድ ክዳኑን አይክፈቱ።

«ቺንጋ እስኪበጠስ አይነካም»

የቫልቩንና የፒስተኑን እንቅስቃሴ የሚያስማማው የታይሚንግ ቺንጋ ሲበጠስ በብዙ ሞተሮች ቫልቩ ከፒስተኑ ጋር ይጋጫል፤ ሞተር ይወርዳል። ብዙዎቹ 100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይቀየራሉ። 1ኤንዜድ ሞተር ያላቸው ቪትዝና ያሪስ ግን የሚሠሩት በካቴና (ሰንሰለት) ስለሆነ የታይሚንግ ቺንጋ ቀይሩ ከተባሉ መካኒክ ይቀይሩ።