«ዘላን ልታይ ነው የምትሄጂው?»

በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ ሻንጣዬን ማውጣት እጀምራለሁ። በየዓመቱም ይህን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም። የምኖረው ጀርመን ነው። ሥራዬ ተጓዦችን በቡድን ይዞ ሞንጎሊያ መሄድ ነው። ሰባት ዓመት ሆነኝ። ከተጓዦቼ ውስጥ ከአውሮፓም ከአሜሪካም የሚመጡ አበሾች አሉ። ጥያቄው አንዳንዴ ከእነሱም ይመጣል። እያንዳንዱን ሰው ለየብቻ ከምመልስ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ትንንሾቹን ቶሎ ቶሎ ልጨርሳቸው።

«ሞንጎሊያ ቻይና ውስጥ ናት።» አይደለችም። ቻይና ውስጥ ያለችው የውስጥ ሞንጎሊያ የምትባለው ክልል ናት። እኔ የምሄድባት ሞንጎሊያ ከእ.ኤ.አ. 1961 ጀምሮ የተባበሩት መንግሥታት አባል የሆነች ሉዓላዊት አገር ናት።

«የጄንጊስ ካንን መቃብር እናያለን አይደል?» አናይም። የት እንደተቀበረ አይታወቅም። ከዋና ከተማዋ ከኡላንባታር ወጣ ብሎ ፈረስ ላይ የተቀመጠ 40 ሜትር የሚሆን ሐውልቱ አለ። እሱን እናያለን።

«ሁሉም ሞንጎል በንስር ያድናል።» በንስር ማደን በዋናነት ምዕራብ ጫፍ ላይ ባያን ኡልጊ የሚኖሩ የካዛክ ቤተሰቦች ባህል ነው። ካዛኮች ሙስሊሞች ናቸው፤ ቋንቋቸውም ሌላ ነው። መካከለኛው ሞንጎሊያ ላይ መንገድ ዳር ንስር ይዞ ለፎቶ የሚያስከፍል ሰው ካያችሁ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

«ሞንጎል ሁሉ ከብት አርቢ ነው።» ሕዝቡ 3.5 ሚሊዮን ገደማ ነው። ግማሽ ያህሉ ኡላንባታር ውስጥ ይኖራል፤ የትራፊክ መጨናነቅ አለበት፤ ፎቅ ላይ የሚያድረውም ብዙ ነው።

«ጎቢ አሸዋ ብቻ ነው።» ጎቢ በረሃ ነው፤ አብዛኛው ክፍሉ ግን ጠጠር፣ ድንጋይና አጭር ሣር ነው። ኾንጎሪን ኤልስ የሚባለው የአሸዋ ክምር ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይዘልቃል። ፖስት ካርድ ላይ የምታዩት እሱ ነው። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ደግሞ ዮሊን አም የሚባል ጠባብ ሸለቆ አለ። ፀሐይ ስለማይገባው በረዶው እስከ ሙቀቱ ወራት ድረስ ይቆያል። ባለፉት ዓመታት ግን እየቀነሰ ሄዷል። ስለዚህ ለጎቢ ካኔቴራና ነጠላ ጫማ ብቻ ይዞ የሚመጣ ሰው ሌሊቱን ይቀጣል። ሐምሌ ላይም ቢሆን ወፍራም ሹራብና የዝናብ ልብስ ያዙ። የእኛ ክረምት ለእነሱ የሙቀት ጊዜ ነው። ዝናቡ ግን እንደኛው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይመጣል።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ።

«ዘላን» የምትለውን ቃል ስንሰማት የሚታየን ምንድነው? አገር የሌለው፣ ዕቅድ የሌለው፣ ነፋስ እንደወሰደው የሚሄድ ሰው ነው። ልጅ ቤት አልቀመጥ ሲል «ምን እንደ ዘላን ትዞራለህ» ይባላል። ስድብ ናት። አገራችን ውስጥ አርብቶ አደሮቹ ራሳቸው ቃሏን አይወዷትም፤ ልክ ናቸው። አርሶ የሚያድር ገበሬ አርሶ አደር ከተባለ አርብቶ የሚያድረውም አርብቶ አደር ነው። ሞንጎሎች ራሳቸውን «ማልቺን» ይላሉ። «ማል» ከብት ነው። ማልቺን ማለት የከብት ሰው ማለት ነው። ቃሉ ሥራውን ይናገራል እንጂ ስለ መዞር አንድም ነገር አይናገርም።

የዛሬ ሦስት ዓመት አስራ አንድ ሰው ይዤ አርኻንጋይ ወደሚባለው አውራጃ ሄድኩ። አንድ ቤተሰብ ጋ ሁለት ሌሊት እናድራለን ብለን ነበር። ሸለቆው ጋ ስንደርስ ሰው የለም። ሣሩ ላይ ቢጫ ክብ ብቻ ቀርቷል። ቤታቸው ጌር ይባላል፤ ጌሩ ተነሥቶ የሄደበት ምልክት ነው። አንዱ ተጓዥ «ዘላን ናቸው፣ ምን ይደረግ፣ ቀጠሮ አያውቁም» አለ። ሾፌራችን ከሩቅ የሚታይ ሌላ ጌር ጋ ሄዶ ጠየቀ። ሴትዮዋ ከደጃፏ ሳትነሣ በእጇ አቅጣጫውን አሳየችው። ከአንድ ሰዓት መንገድ በኋላ ደረስን።

የቤቱ አባት ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት «ቦታ ቀይረናል፣ ከወንዙ ማዶ ነን» ብሎ ለአዘጋጁ ቢሮ መልእክት ልኳል። መልእክቱ እዚያው ቢሮ ቀርቷል። ቀጠሮ ያላከበረው ቢሮው ነበር።

ለምን እንደተነሡ ጠየቅኩት። ከአስጎብኚያችን ጋር ደጅ ላይ ቁጢጥ አለና በእንጨት አራት ክብ መሬት ላይ ሣለ። አንዱ የብርዱ ወራት ሰፈር ነው። ተራራ ነፋሱን የሚከልልበት ቦታ ነው፤ የእንስሳቱ በረትም እዚያ ተሠርቷል። ሁለተኛው ብርዱ ሲሰበር የሚገቡበት ነው። በጎቹና ፍየሎቹ የሚወልዱት ያኔ ስለሆነ መጠለያና ቅርብ ግጦሽ ያስፈልጋል። ሦስተኛው የሙቀቱ ወራት ነው፤ ወንዝ ዳር። አራተኛው ከብቱ ለብርዱ የሚሰባበት። ከዚያ በሦስተኛው ክብ ላይ እንጨቱን ደጋግሞ ጫረ። ምንጩ ዘንድሮ ቀጥኗል። እዚያው ቢቆዩ በጎቹ ለብርዱ የተተወውን ሣር መንካት ይጀምራሉ። ሐምሌ ላይ ሆኖ የሚያስበው ስለ ጥር ነበር።

ይሄ ሰው ዝም ብሎ ዞረ ይባላል?

የግጦሽ መሬት በሕገ መንግሥታቸው የግል አይሆንም። የብርዱን ሰፈር ግን ቤተሰቡ በውል ይይዘዋል። የማን እንደሆነም አካባቢው ሁሉ ያውቃል። ሰው ባይኖርበትም ባዶ አይደለም። በዓመት አራት ጊዜ የሚነሣም አለ፤ ጎቢ ላይ ከዚያ በላይ የሚነሣም አለ። ዓመቱ ከከፋ ከብቱን ይዞ ርቆ የመሄድ ሌላ ዘዴ አላቸው፤ ኦቶር ይሉታል። ይሄ ሁሉ የሚሆነው ዙድ ስለሚባል ነገር ነው። ዙድ ከብት የሚፈጅ የብርድ ወራት ነው። በረዶው ከመጠን በላይ ወፍሮ ሣሩን ከቀበረ ነጭ ዙድ ነው። ቀልጦ መልሶ እንደ ብረት ከጋገረ ከብቱ በሰኮናው ሊሰብረው አይችልም፤ ያ የብረት ዙድ ነው። በረዶ ጨርሶ ካልወረደና የሚጠጣ ነገር ከጠፋ ደግሞ ጥቁር ዙድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2023 ወደ 2024 በተሻገረው ዙድ ከ7 ሚሊዮን በላይ እንስሳት ሞተዋል። ባዶ በረት የቀረባቸውን ሰዎች አይቻለሁ። በዚያ አገር ያለ ዕቅድ የሚንቀሳቀስ ሰው ከብት አይኖረውም።

ጌሩንም «ድንኳን» አትበሉት። ድንኳን የሠርግና የለቅሶ ነው። ጌር ቤት ነው። ግድግዳው እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፍ የእንጨት ፍርግርግ ነው። ላዩ ከተጠቀጠቀ የበግ ፀጉር የተሠራ ወፍራም ጨርቅ ይለብሳል። በሩ ወደ ደቡብ ይዞራል። አናቱ ላይ ቶኖ የሚባል ክብ የብርሃን መግቢያ አለ። ጠዋት አልጋዬ ላይ ሆኜ ብርሃኑ በጣሪያው እንጨቶች ላይ ሲንሸራተት እመለከታለሁ። የቤቱ እማማ ሰዓቷን ሳታይ «ላሞቹ የሚታለቡበት ሰዓት ደርሷል» ትላለች። የምታየው እሱን ብርሃን ነው። ምድጃው መሐል ላይ ነው። የሚነደው ኩበት ነው። ገጠር ያደገ ሰው ሽታውን ወዲያው ያውቀዋል። አንዲት ከዋሽንግተን የመጣች ነርስ በሩን ከፍታ ስትገባ ቆም አለችና «አያቴ ቤት» አለች። ሌላ ነገር አልተናገረችም።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ የሚያናድደኝ ነገር አለ። «እውነተኛ አይደሉም» የሚሉ አሉ። ለምን? ሶላር አለቻቸው። ቴሌቪዥን አለ። ልጁ በሞተር ፍየል ይጠብቃል። መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ለአንድ መቶ ሺህ አርቢ ቤተሰቦች የፀሐይ ኃይል ለማዳረስ ፕሮግራም ነድፎ ሠርቷል። ልጆቹ በትምህርት ወራት ወረዳው ከተማ አዳሪ ትምህርት ቤት ናቸው። ያ አባት ስልክ ባይኖረው የአየር ትንበያውን፣ የሱፉን ዋጋና ሌላው ሸለቆ ሣሩ እንዴት እንደሆነ በምን ይወቅ? እናንተ ስልካችሁን ይዛችሁ መጥታችሁ እነሱ እንዳይኖራቸው መፈለግ ነውር ነው። ፎቶ ለማንሣት ሶላሯን እንዲያነሡላችሁ አትጠይቁ። አንድ ጊዜ ተጠይቀው አይቼ በጣም አፍሬያለሁ።

አሁን ስለ ምግብ። «የፈረስ ወተት ያጠጡናል» ተብሎ ይፈራል። የሚጠጣው አይራግ ነው፤ የፈረስ ወተት ተንጦና ተብላልቶ ሲጎመዝዝ ማለት ነው። ያልተብላላው ሆድ ስለሚያስቀምጥ እንዲሁ አይጠጣም። በሩ አጠገብ ከከብት ቆዳ የተሠራ ትልቅ አቁማዳ ተሰቅሎ ታያላችሁ። አሁን አሁን ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜልም ነው። የሚገባም የሚወጣም ሰው በትሩን ይዞ ጥቂት ይንጣል። እናንተም ናጡ፤ ደስ ይላቸዋል። የአልኮል መጠኑ ሁለት ከመቶ ገደማ ነው። ሳህኑ ሲሰጣችሁ በቀኝ እጅ፣ ግራውን ከክርን ሥር ደግፋችሁ ተቀበሉ። አበሻ ይሄን አይማርም፤ ከቤቱ ይዞት ይመጣል። ካልተስማማችሁ ከንፈር አስነክቶ መመለስ ይበቃል። ሻያቸው ወተትና ጨው ያለበት ነው። ቡና በጨው ለጠጣ ሰው አዲስ ነገር አይደለም።

ጾም የሚጾሙ ሰዎች ግን ይህን ልብ ብለው ያንብቡ። «አትክልት የት ይጠፋል» ብላችሁ አትምጡ፤ ገጠር ላይ ይጠፋል። ምግቡ ሥጋና የወተት ውጤት ነው። ናዳም የሚባለው ትልቁ በዓል ትግሉ፣ የፈረስ ግልቢያውና ቀስቱ ያለበት ነው። ቀኑ ከሐምሌ 4 እስከ 6 ነው። የሐዋርያት ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው። ስለዚህ የበዓሉ ጊዜ ቡድን ግማሹን መንገድ በጾም ነው የሚሄደው። የነሐሴው ቡድን ደግሞ ፍልሰታ ላይ ይወድቃል። አንድ ዓመት ሁለት እናቶች ምንም ሳይዙ መጥተው ለስድስት ቀን ሩዝና ድንች ሲበሉ ከረሙ። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የተፈጨ ሽሮ፣ ትንሽ በርበሬ ያዙ። ሽሮ የፈላ ውኃ ብቻ ነው የሚፈልገው። ምድጃውን ለመጠቀም እማማን አስፈቅዱ፤ ድስቱን ትጥድላችኋለች። እሳቱ ውስጥ ግን ቆሻሻ እንዳትጥሉ። እሳት እንደ ክቡር ነገር ነው የሚታየው።

«በቡድን መሄድ ነፃነት ያሳጣል፣ መኪና ተከራይቼ ራሴ እዞራለሁ» የሚሉም አሉ። የአገሩ ስፋት ከአንድ ሚሊዮን ተኩል ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አስፋልቱ ወደ አውራጃ ከተሞች ይወስዳችኋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሜዳ ላይ የተበታተነ የጎማ ፈለግ ነው፤ ምልክት የለውም። ወንዝ መሻገር አለ። ሾፌሮቻችን የሚነዱት ብዙውን ጊዜ አሮጌ የሩሲያ ቫን ነው። ሲበላሽ እዚያው ሜዳ ላይ ፈትተው ያበጁታል። ሁለት መኪና ሆኖ መሄድ አንዱ ሲሰምጥ ሌላው እንዲጎትተው ነው። ወጪውም ይካፈላል። ከሁሉም በላይ ግን አስተርጓሚ ከሌለ ያ አባት መሬት ላይ የሣለውን አራት ክብ ማን ያስረዳችኋል?

ቡድን ስትመርጡ ግን እነዚህን ጠይቁ። ስንት ሰው ነው? ከአስራ ሁለት ካለፈ አንድ ጌር ውስጥ አትገቡም፤ ግማሻችሁ ደጅ ትቀራላችሁ። የምናድረው የቱሪስት ካምፕ ነው ወይስ ቤተሰብ ጋ? ካምፑ ሻወር አለው፤ ቤተሰብ ጋ የለም። ሁለቱን የሚቀላቅል ፕሮግራም ጥሩ ነው። ቤተሰቡስ በቀጥታ ይከፈለዋል ወይ? ይህን ግልጽ አድርጎ የማይመልስላችሁን አዘጋጅ ተዉት። ለልጆች ከረሜላ አትከፋፍሉ፤ የጥርስ ሐኪም ሩቅ ነው። ደብተር፣ እርሳስ፣ ጥሩ የእጅ ባትሪ፣ ለእማማ ደግሞ ሻይ ቅጠል ይበቃል።

ጌር ስትጠጉ ከሩቅ «ኖኾይ ኾር!» በሉ። ቃሉ «ውሻውን ያዙ» ነው። ውሻ ባይኖርም ይባላል፤ እኛ አጥር ላይ ሆነን «ቤቶች!» እንደምንለው ነው። ደፉን አትርገጡ። መሐል ባሉት ሁለት ምሰሶዎች መካከል አትለፉ። ወደ ግራ ታጥፋችሁ ግቡና የሚያሳዩዋችሁ ቦታ ተቀመጡ። ሻዩ ሳትጠየቁ ይመጣል።