ማስተሪንግ በድሬዳዋ፦ የሚወጣውን ድምፅ መለካትና ቻናሎችን መከታተል

በድሬዳዋ ዘፈን ደጅ ወጥቶ ይሰማል፤ በባጃጅ ስፒከር፣ በሱቅ በር ላይ በተሰቀለ ድምፅ ማጉያ፣ በሰርግ ድንኳን ውስጥ በቆመ ሞንታርቦ። የአሊ ቢራ ከተማ ናትና የአማርኛው፣ የኦሮምኛው፣ የሶማልኛውና የሐረሪው ዜማ በአንድ መንገድ ላይ ሲደባለቅ መስማት ብርቅ አይደለም። ማስተሪንግ ዘፈኑ ወደዚህ ሁሉ ከመውጣቱ በፊት የሚያልፍበት የመጨረሻ በር ነው። መሣሪያዎቹንና ድምፃዊውን እርስ በእርስ ማመጣጠን በሚክሲንግ አልቋል፤ የሚቀረው በግራና በቀኝ ቻናል የተጠቃለለውን ሥራ መርምሮ በትክክለኛ መጠን ማስወጣት ነው።

በሶፍትዌሩ ላይ የሚወጣውን ድምፅ መጠን የሚወስነው ማስተር ፌደሩ፣ ማለትም ዋናው ተንሸራታች መቆጣጠሪያ ነው። ስፒከሩ ምን ያህል እንዲጮኽ የሚወስነው ደግሞ ሌላ መቆጣጠሪያ ነው። የመጀመሪያው የሚቀመጠውን ፋይል ይለውጣል፤ ሁለተኛው በክፍሉ ውስጥ የሚሰማውን ብቻ። ጀማሪን ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው የሁለቱ መምታታት ነው፤ የድሬዳዋ ቀትርም ለስሕተቱ ያግዛል። ሙቀቱ ሲበረታ ማራገቢያው ይከፈታል፣ ጉርምርምታው ዝግ ያሉትን ድምፆች ይሸፍናል፣ ባለሙያውም ዘፈኑ የደከመ መስሎት ማስተር ፌደሩን ወደ ላይ ይገፋል። ዘፈኑ ግን አልደከመም፤ ክፍሉ ነው የጮኸው። ተመራማሪዎቹ ፍሌቸርና መንሰን እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት ደግሞ ጆሮ ድምፅ ሲቀንስ በተለይ ወፍራሞቹን ድምፆች አሳንሶ ይሰማል። ስለዚህ የስፒከሩን መጠን አንድ ቦታ ላይ ምልክት አድርጎ በዚያው መሥራት፣ ማራገቢያውንም ለወሳኙ ማዳመጥ ማጥፋት ይሻላል፤ ላብ ቢኖርም።

በዲጂታል ድምፅ ጣሪያው ዜሮ ዴሲቤል ነው። ሶፍትዌሩ በውስጡ በሚያደርገው ስሌት ከዜሮ ማለፍን ይታገሥ ይሆናል፤ ሥራው በ16 ወይም በ24 ቢት ፋይል ሲወጣ ግን ያለፈው የሞገድ ጫፍ ተቆርጦ ይቀራል። ይህን ለመከላከል በሰንሰለቱ መጨረሻ ሊሚተር፣ ማለትም ድምፁ ከተወሰነ ጣሪያ እንዳያልፍ የሚገታ መሣሪያ ይቀመጣል። ተራው መለኪያ ዜሮን ሳይነካም ግን ድምፁ ሊሰነጠቅ ይችላል። የሲዲ ድምፅ በሴኮንድ 44,100 ናሙናዎች፣ ማለትም የሞገዱ ቁመት የተለካባቸው ነጥቦች አሉት፤ ሞገዱ በሁለት ናሙናዎች መካከል ከሁለቱም በላይ ሊዘል ይችላል። ትሩ ፒክ የሚባለው መለኪያ ይህን የተደበቀ ጫፍ አስልቶ ያሳያል። ወደ ኤምፒስሪ መጭመቅም ጫፎችን ሊያስረዝም ስለሚችል፣ የሊሚተሩን ጣሪያ ከዜሮ በታች 1 ዴሲቤል ላይ ማድረግ የተለመደ ነው።

ጫፍ ግን ስለ ጩኸት ብዙ አይናገርም፤ አንድ የከበሮ ምት ጣሪያውን ነክቶ ዘፈኑ በጠቅላላው ዝግ ያለ ሊሆን ይችላል። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ቢኤስ 1770 የተባለው መመዘኛ ጩኸትን ጆሮ በሚሰማው መንገድ መለካት አስቻለ፤ አሃዱም ኤልዩኤፍኤስ ይባላል። ስፖቲፋይ በተለመደው አሠራሩ ዘፈኖችን ከዜሮ በታች 14 ኤልዩኤፍኤስ ላይ አስተካክሎ ያጫውታል። እንግዲህ ሊሚተሩን አስጨንቆ ዘፈኑን ከዜሮ በታች 8 ላይ ያደረሰ ሰው 6 ዴሲቤል ይቀነስበታል፤ የሞገዱ ቁመት በግማሽ ወረደ ማለት ነው። የገዛው ጩኸት ተመልሶ ተወሰደ፤ የተጨፈለቀው ከበሮ ግን እንደተጨፈለቀ ይቀራል። በፍላሽ ተገልብጦ በባጃጅ ውስጥ የሚጫወተውን ፋይል ግን ማንም አያስተካክልለትም፤ ለእርሱ ትንሽ ከፍ ያለ ሁለተኛ ፋይል ማውጣት ነውር አይደለም።

ቻናሎችን መከታተል ከዚህ ሁሉ ያነሰ ወጪና የበለጠ ጥቅም አለው፤ ይሁንና ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ሥራው ግራውን ብቻ፣ ቀኙን ብቻ፣ ከዚያም ሁለቱን ደምሮ በሞኖ መስማት ነው። ሞኖ ጊዜው ያለፈበት ነገር አይደለም፤ የሱቁ ማጉያም ሆነ የሰርጉ ሞንታርቦ ብዙ ጊዜ የሚያጫውተው በሞኖ ነው። ኮሪሌሽን የሚባለው መለኪያ ሁለቱ ቻናሎች አንድ ዓይነት ሲሆኑ ወደ አንድ፣ ተቃራኒ ሲሆኑ ከዜሮ በታች ወደ አንድ ያመለክታል። በማስፊያ መሣሪያ ከልክ በላይ የተለጠጠ ኪቦርድ በጆሮ ማዳመጫ ሰማይ ያህል ሰፍቶ፣ በሞኖ ሲደመር እርስ በእርሱ ተጣፍቶ ሊሰወር ይችላል።

ጥፋቱ አንዳንዴ የዘፈኑ አይደለም። የስልክ ስቴሪዮ ገመድ በሚክሰሩ አንድ ባላንስድ መግቢያ (በሁለት ሽቦዎች የሚመጣውን ልዩነት ብቻ በሚወስድ መግቢያ) ላይ ሲሰካ፣ መግቢያው ከግራው ቻናል ላይ ቀኙን ይቀንሳል። በመካከል የተቀመጠው ሁሉ፣ ማለትም ድምፃዊው፣ ቤዙና ከበሮው ይጠፋሉ፤ የሚቀረው የገደል ማሚቶ የመሰለ ጭራው ነው። ሙሽሮች ሊገቡ ሲሉ ዘፋኙ ከዘፈኑ ውስጥ ከወጣ፣ ማስተሩን ከመውቀስ በፊት ገመዱን ማየት ነው። ሶፍትዌሩ ላይ የአንዱን ቻናል ሞገድ ላዩን ወደ ታች አዙሮ በሞኖ መስማት ይኸው ነገር በትክክል ምን እንደሚመስል ያሳያል።

ከአሮጌ ካሴት የተቀዳ ዘፈን ሌላ ጣጣ አለው። የቴፑ ሄድ፣ ማለትም ካሴቱን የሚያነበው ክፍል፣ ትንሽ ካዘመመ አንደኛው ቻናል ከሌላው በጥቂቱ ይዘገያል፤ በስቴሪዮ ብዙም አይታወቅም፣ በሞኖ ግን ጸናጽሉና የዑዱ ክር ጥርት ያለው ድምፅ ይደበዝዛል። ከተቻለ የቴፑን ሄድ አስተካክሎ እንደገና መቅዳት ነው። ካልተቻለ ሞገዱን በስክሪኑ ላይ አጉልቶ የዘገየውን ቻናል በጥቂት ናሙናዎች ማስቀደም፣ እሱም ካልሆነ ከሁለቱ የተሻለውን መርጦ በግራም በቀኝም ላይ መገልበጥ ይቻላል።