የገዥ ሚስቶች በጎጃም ታሪክ

በጎጃም የገዥ ሚስት ሥልጣን ለብዙ ዘመን የቆመው በጋብቻ ብቻ አልነበረም። የራሷ ጉልት፣ ማለትም ግብር የምትሰበስብበት መሬት፣ እንዲሁም የወላጆቿ የዘር ሐረግ ነበራት። ይህን የዘነጋ ታሪክ እነዚህን ሴቶች የባል ጥላ አድርጎ ያስቀራቸዋል፤ ትልቅ በደል ነው።

የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ባለቤት እቴጌ እሌኒ የሐድያ ገዥ ልጅ ነበሩ። በጎጃም ጉልት ነበራቸው፤ በእነብሴ መርጡለ ማርያምን ያሳነጹትም እርሳቸው ናቸው። ልብነ ድንግል በልጅነቱ ሲነግሥ አገሪቱን በሞግዚትነት መርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1509 ማቴዎስ የተባለውን አርመናዊ መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል ልከዋል።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ደጃዝማች ዮሴዴቅን አግብተው ራስ ኃይሉን ወለዱ። የሞጣ ጊዮርጊስ ደብር ከስማቸው ጋር ተያይዞ ይነሣል። በደብሩ የመሬት መዝገብ ውስጥ ሴቶች ርስት ሲሸጡና ሲገዙ ይገኛሉ፤ ለእኔ ከማንኛውም ዜና መዋዕል ይበልጥ የሚያስረዳው ይህ መዝገብ ነው።

ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ሲነግሡ የባለቤታቸው የወይዘሮ ላቀች ገብረ መድኅን ማዕረግም አብሮ ከፍ አለ። በመሳፍንት ቤት የግብር አዳራሹ ያለ እመቤቲቱ አይንቀሳቀስም ነበር። ማሩ ወደ ጠጅ ቤት ስንት ገንቦ ገባ፣ እህሉ ለየትኛዋ ፈጪ ተሰፈረ፣ የጎድን ሥጋው ለየትኛው ሹም ይቀርባል የሚለውን የሚያዝዙት እርሳቸው ናቸው። ሹሙም ክብሩን የሚለካው በሚቀርብለት የሥጋ ብልት ስለ ነበረ ይህ የጓዳ ሥራ ራሱ ፖለቲካ ነበር።

ጋብቻው ግን ዋጋ ያስከፍላል። የራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ሰብለ ወንጌል የልጅ ኢያሱ ሚስት ነበሩ። ኢያሱ በ1924 ዓ.ም. ከፍቼ እስር ሲያመልጡ አማታቸው ራስ ኃይሉ እጃቸው አለበት ተብለው ጎጃምን አጡ፤ ግዛቱም ለራስ እምሩ ተሰጠ።

የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የመኳንንቱን ርስት ሲወርስ የእመቤቶቹም መሠረት አብሮ ፈረሰ። የፕሬዚዳንት መንግሥቱ ባለቤት ወይዘሮ ውባንቺ ቢሻው በአደባባይ እምብዛም አይታዩም ነበር። ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት በኋላ ዋናው ሥልጣን ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ስለ ሆነ፣ ቀዳማዊት እመቤት የሚባሉትም የእርሱ ባለቤት ናቸው። የወይዘሮ ዝናሽ ታያቸው ጽሕፈት ቤት በየክልሉ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን አስገንብቷል። መልካም ሥራ ነው፤ ነገር ግን በጽሕፈት ቤት በኩል የሚሠራ እንጂ እንደ እሌኒ ከራስ ጉልት የሚወጣ አይደለም።