ሙዚየም ገብቶ መስፋት፣ መሳል፣ መጫወት፦ ለአእምሮ ጤና ምን ይረዳል?

ሙዚየም ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን መስታወት ውስጥ ያለ ዕቃና «መንካት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ነው። ገብተን፣ ዞር ዞር ብለን፣ ፎቶ ተነስተን እንወጣለን። ውጭ አገር ያሉ አንዳንድ ሙዚየሞች ግን ሌላ ሥራም ጀምረዋል። ብቸኝነት፣ ጭንቀት ወይም ድብርት ያስቸገራቸውን ሰዎች በትንሽ ቡድን ሰብስበው ዕቃ ያስነካሉ፣ ሥዕል ያስስላሉ፣ ስፌት ያሰፋሉ።

እንግሊዝ ውስጥ ከ2014 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው ከ65 በላይ የሆነና ብቸኝነት ያጠቃቸውን ሰዎች ለ10 ሳምንት፣ በየሳምንቱ ሙዚየም ውስጥ እያገናኙ አጥንተዋል። በ2018 ደግሞ ካናዳ ያለው የሞንትሪያል የሥነ ጥበብ ሙዚየም ከሐኪሞች ማኅበር ጋር ተስማምቶ ሐኪም ለታካሚው የሙዚየም ጉብኝት እንዲያዝ ተደረገ፤ መግቢያውም በነፃ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ከ3,000 በላይ ጥናቶችን አይቶ ጥበብ ለጤና እንደሚያግዝ ጽፏል። ያግዛል ነው እንግዲህ የተባለው። ኪኒኑን ትቶ ሙዚየም ይሂድ ያለ የለም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሰዎቹ ያው፣ ቀኑ ያው፣ ጠረጴዛው ያው። «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ የሚያፋጥጥ የለም። እጅ ሥራ ሲይዝ ዓይን ለዓይን መተያየት ግዴታ አይሆንም፤ ጨዋታው በራሱ ጊዜ ይመጣል። እንደኔ ዋናው ነገር እሱ ነው፣ ከኤግዚቢሽኑም ከገለጻውም በላይ።

ታዲያ ሐረር ለዚህ ምን ይጎድላታል? በግንብ የታጠረው የድሮው ከተማ ጁገል ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፣ ውስጡም ሙዚየም ሞልቷል። በራስ ተፈሪ ቤት ያለው የሸሪፍ ሙዚየም የድሮ ስፌት፣ የእጅ ጽሑፍ፣ የጥንት ሳንቲም ይዟል፤ በፈረንሳዊው ባለቅኔ ስም የሚጠራው የራምቦ ቤት የከተማዋን የቆዩ ፎቶዎች ያሳያል። ስፌቱን ብቻ እንውሰድ። የሐረሪ ቤት ግድግዳ በስፌት ያሸበረቀ ነው። አክርማው በወስፌ ይወጋል፣ አለላው በቀዳዳው ገብቶ ጠበቅ ይደረጋል፣ ደግሞ ይወጋል። አንዲት እናት ከመስታወቱ ውስጥ የወጣ ሙዳይ አገላብጣ እያየች የራሷን ብትጀምር፣ ስለ ሙዳዩ የተጀመረው ወሬ ስንት ነገር ይዞ እንደሚመጣ አስቡት።

ሰው ለመሰብሰብም አፎቻ አለ፤ ለሠርግና ለለቅሶ የሚደራረስ ማኅበር ነው፣ የሴቱም የወንዱም ለየብቻ። በእሱ በኩል ቢጠራ ይቀላል። ማስታወቂያው ላይ ግን «የአእምሮ ሕመምተኞች ቡድን» ተብሎ ከተጻፈ ማንም ዝር አይልም፣ እብድ ተባልኩ ብሎ። «የስፌት ቡድን» ይበቃል።

ሰዓቱም ይታሰብበት። ሐረር ላይ ከምሳ በኋላ የበርጫ፣ የጫት መቃሚያ ሰዓት ነው፣ በተለይ ወንዱን ሙዚየም ውስጥ አታገኙትም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ቡና ተፈልቶ ቢጀመር ይሻላል።