ሀገር በቀል እሬት፦ አተካከሉና አያያዙ

እሬት በኢትዮጵያ ድንጋያማ ተዳፋትና ገደላ ገደል ላይ የሚበቅል፣ ብዙ ዓመት የሚቆይ ድርቅ ቻይ ተክል ነው። ለፀጉርና ለቆዳ እየተባለ የሚሸጠው አሎቬራ መነሻው የዓረብ ባሕረ ገብ መሬት ነው፤ የሀገራችን ዝርያዎች ሌሎች ናቸው። በሸዋ ደጋ ቀይ አበባ የሚያወጣው አሎ ደብራናና በሰሜን ኢትዮጵያና በኤርትራ የሚገኘው ባለብርቱካንማ አበባ አሎ ካምፐሪ ከእነዚሁ ውስጥ ይቆጠራሉ።

ተክሉ የቅጠሉን ቀዳዳዎች በዋናነት የሚከፍተው ሌሊት ስለሆነ በቀን ሐሩር ውኃ አያባክንም። ስለዚህ እሬትን ቶሎ የሚያጠፋው የውኃ ብዛት እንጂ ጥማት አይደለም። ዋልካ አፈር ላይ የሚተክል ሰው አሸዋና ጠጠር ቀላቅሎ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው መደብ ይሥራ፤ ተከላውንም ክረምቱ እስኪወጣ፣ እስከ መስከረም ያቆየው።

ለተከላ የሚሻለው ከእናቱ ግርጌ ያቆጠቆጠ፣ የራሱን ሥር ያወጣ፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የደረሰ ቡቃያ ነው። በንጹሕ ቢላ ተቆርጦ ቁስሉ እስኪደርቅ አንድ ሳምንት ያህል ጥላ ሥር ይቀመጣል። ብዙ ሰው ይህን ደረጃ ይዘለውና ቡቃያው ከቁስሉ ጀምሮ ይበሰብስበታል። ሲተከል አፈሩ ሥሩን ብቻ ይሸፍን፤ እምብርቱ ውስጥ አፈር መግባት የለበትም። ለአጥር ከሆነ በ50 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይተከላል፤ ከብት በምሬቱ ምክንያት እምብዛም አይደፍረውም። የመጀመሪያው ውኃ ከሳምንት በኋላ ይሰጠዋል፤ በመጀመሪያው በጋ በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ፣ ከዚያ በኋላ ዝናቡ ይበቃዋል።

ቡቃያውን ከአንድ እናት ብቻ መውሰድ ትልቅ ስሕተት ነው። አብዛኞቹ እሬቶች በራሳቸው የአበባ ብናኝ ፍሬ አይቋጥሩም፣ የአንድ እናት ቡቃያዎች ደግሞ በዘር አንድ ናቸው። ከሦስት ከአራት የተለያዩ የአንድ ዝርያ እናቶች መውሰድ ያስፈልጋል። ከዱር መንቀል ግን አይገባም፤ ከአሎቬራ በቀር የእሬት ዝርያዎች ዓለም አቀፍ ንግድ የዱር እንስሳትንና ዕፀዋትን ንግድ በሚገዛው በሳይተስ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው።

ብናኙን ከሚያመላልሱት መካከል ንቦችና የአበባ ማር የሚቀስሙ ወፎች ዋናዎቹ ናቸው። ሳይንሳዊ ስሟ የተከዜን ወንዝ የያዘው ኔክታሪኒያ ታካዜ በደጋው ትታያለች፤ ወንዱ ብርሃን ሲያርፍበት ሐምራዊ ያብረቀርቃል። የተቆለመመ ምንቃሩን በቱቦ መሰሉ አበባ ውስጥ ሲሰድ ብናኙ ግንባሩ ላይ ይጣበቅና ወደ ቀጣዩ ተክል ይሄዳል። ስለዚህ በአበባ ወቅት ፀረ ተባይ አይረጭ፤ አገዳውም ዘሩን እስኪበትን አይቆረጥ።

በድርቅ ወይም በጠራራ ፀሐይ ቅጠሉ ቢቀላ በሽታ አይደለም፣ ዝናብ ሲያገኝ ይመለሳል። ግርጌው ቡናማ ሆኖ ከለሰለሰና ከሸተተ ግን መበስበስ ነው፦ ተነቅሎ፣ ጤነኛው ክፍል እስኪታይ ተቆርጦ፣ ደርቆ እንደገና ይተከላል። ቅጠሉ ወይም አበባው ላይ እንደ ዕጢ የተጨማደደ እብጠት ሲወጣ ደግሞ መንስኤው በዓይን የማትታይ፣ የሸረሪት ዘመድ የሆነች ደቃቅ ተባይ ናት፤ በነፋስና በመሣሪያ ስለምትዛመት የተጎዳው ክፍል ተቆርጦ ይቃጠላል፣ ቢላውም በአልኮል ይጸዳል።