አክሊሉ ሀብተ ወልድና የአሜሪካ ወዳጅነት፦ የሚባለውና እውነታው

ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ የአገራችንን የውጭ ጉዳይ ለረጅም ዓመታት መርተዋል፤ ኋላም እስከ 1966 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። ስማቸው ሲነሳ የሚደጋገሙ አንዳንድ አባባሎች ያሳዝኑኛል።

«አገሪቱን ለአሜሪካ አሳልፈው ሰጧት»

ይህን የሚል ሰው ከጣሊያን መባረር በኋላ የነበረውን ሁኔታ ረስቶታል። ከእንግሊዝ ጋር በተፈረመው የ1934ቱ ውል መሠረት የመንግሥት አማካሪዎች እንግሊዞች፣ የፖሊስ አዛዡም እንግሊዛዊ ነበሩ። የእንግሊዙ ሚኒስትር ከሌላው አገር መልእክተኛ ሁሉ ቅድሚያ እንዲሰጠው ሳይቀር በውሉ ሰፍሯል። ኦጋዴን በእንግሊዝ ጦር አስተዳደር ሥር ነበር፤ ገበያው ላይ የሚዞረው ገንዘብም የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ነው። ከዚህ መላቀቅ የሚቻለው ሌላ ኃያል ወዳጅ ሲገኝ ነበር። በ1937 የራሳችን ገንዘብ ሲወጣ የሃምሳ ሳንቲሙ መሥሪያ የሆነው የብር ማዕድን የመጣው ከአሜሪካ ነው። በ1938 አየር መንገዳችን የተቋቋመውም ከአሜሪካው አየር መንገድ ከቲ ደብልዩ ኤ ጋር በመዋዋል ነው። አክሊሉ አሜሪካን የፈለጉት የእንግሊዝን ጫና ለማራገፍ ነበር። በእኔ እምነት ስሌታቸው ትክክል ነበር።

«የቃኘው ጣቢያ ለኤርትራ የተከፈለ ዋጋ ነው»

ቃኘው አሜሪካ አስመራ ውስጥ የነበራት የሬዲዮ መጥለፊያ ጣቢያ ነው። እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አለ። ነገር ግን አሜሪካኖች አስመራ የገቡት በ1935 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ከተማዋን የሚያስተዳድራት እንግሊዝ ነበር። ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ያለው ያ ደጋ የሬዲዮ ሞገድ ለመጥለፍ እጅግ ይመቻል። የተባበሩት መንግሥታት ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን እንድትዋሐድ በ1943 ሲወስን የጣቢያው ውል ገና አልተፈረመም፤ የተፈረመው ግንቦት 14 ቀን 1945 ዓ.ም. ነው። ሆኖም አሜሪካ ፌዴሬሽኑን የደገፈችው ጣቢያውን ላለማጣትም ነበር፤ አክሊሉ ይህን አውቀው ተደራድረውበታል። የኤርትራ ሕዝብ ግን ድምፅ ሳይሰጥበት ነው የተወሰነው፤ ስለዚህ ጉዳዩን እንደ ድል ብቻ አድርጎ ማውራት ይከብደኛል።

«በውሉ መሠረት አሜሪካ ለኢትዮጵያ መዋጋት ነበረባት»

አልነበረባትም። ውሉ ለ25 ዓመት ጣቢያውን እንድትጠቀም ይፈቅዳል፤ ጎን ለጎን የተፈረመው ስምምነት ደግሞ የጦር መሣሪያና ሥልጠና ያስገኝ ነበር። ወራሪ ቢመጣ አብራ ትዋጋለች የሚል ግዴታ አልገባችም።

«ከሶሻሊስቱ ጎራ ጋር አይነጋገሩም ነበር»

እርግጥ በ1948 በስዊዝ ካናል ጉዳይ ካይሮ ሄደው የግብጹን መሪ ናስርን ካነጋገሩት አምስት መልእክተኞች አንዱ አክሊሉ ነበሩ፤ የተላኩትም ምዕራባውያን ያቀረቡትን ሐሳብ ይዘው ነው። ነገር ግን ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1951፣ ጃንሆይ ሞስኮ ሄደው 400 ሚሊዮን ሩብል ብድር ይዘው ተመለሱ። የቃኘው ጣቢያ ያን ጊዜም ሥራ ላይ ነበር።